አባ መደብ የሠራበት ካራቫን

ይድረስ ለወንድሜ ለሃሩን፣ ሻርጃ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ታቃስታለህ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ትበላለህ? ሶላትህን በወቅቱ ትሰግዳለህ? እማ ሌት ተቀን የምትጠይቀኝ ይኼን ስለሆነ እኔም በየተራው ጠየቅኩህ። በል ሰላምታው ለጊዜው ይብቃን። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። እኔ በንዴት ቆሽቴ አሯል። መነሻው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ አንተ ነህ።

ምነው በስልክ አትነግሪኝም ነበር እንዳትለኝ። በስልክ ስቆጣህ ትስቃለህ። ጠበቅ ሳደርግብህ ደግሞ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋም። የአከራያችን ልጅ ገላና ለሥራ ወደ እናንተ ዘንድ ልትበር ስለሆነ በእሷ እጅ ሰድጄልሃለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትደውልልኝ፣ ወላሂ አላነሳም።

የማወራህ ስለዚያ ነጭ ካራቫንህ ነው። ከሥሩ ልጀምርልህ፤ አንተ የምታውቀው ከመሃሉ ነው። ኪራሙ ያለው ቤታችን ከተቃጠለና እዚህ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ በኪራይ ቤት ከተጠለልን ወዲህ አባ ከአፉ የማይለየው ወሬ መሬት ብቻ ነው። ጠዋት ይወጣና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሰማይ ያያል። ደመና ሲያይ ይከፋዋል። ገበሬ ደመና አይቶ ሲከፋው አይተህ ታውቃለህ? እኔ በየቀኑ አየሁት። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ቤት ብሠራ ይቃጠላል፣ ቤት ባልሠራ ዱር አላድርም፣ እንደ ትራክተር ተሳቢ የሚጎተት ቤት ቢኖረኝ ግን ሰላም ሲሆን አርሳለሁ፣ ነገር ሲሸት ተጎትቼ እወጣለሁ አለ። እኔ እንደ ቀልድ ሰማሁት። አንተ ጉደኛው እንደ ቁም ነገር ያዝከው።

ሐሳቡ ክፉ ነው አላልኩም። ቆይቼ እኔም አመንኩበት። የለመንኩህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ሳላየው እንዳትገዛ። ለምን? እኔ ሰልባጄን ይዤ በሾፌሩ በታፋ አይሱዙ ከጊምቢ እስከ ሻምቡ፣ ከአርጆ እስከ ጉትን ገበያ ለገበያ የምዞር ሴት ስለሆንኩ ነው። የወለጋን መንገድ ካርታ አይቼ ሳይሆን በመቀመጫዬ ነው የማውቀው። የትኛው ኮረብታ ላይ ስንት መኪና ባሌስትራው እንደሚሰበር ቆሜ አይቻለሁ። አንተ ይኼን መንገድ የምታስታውሰው በልጅነትህ በእግርህ ስትሄድበት ነው፤ እግር ደግሞ ጉድጓድ ይዘላል።

ለእንዲህ ያለ መንገድ ተሳቢ የሚመርጥ ሰው ከሥሩ ነው የሚገባው ብዬህ ነበር። ቀሚሴን ሰብስቤ ስንት ተሳቢ ሥር በጀርባዬ እንደተኛሁ አላህ ይወቀው፤ በከኒሳ ቀሴ ጋራዥ ያሉት ወንዶች ሁሉ ስቀውብኛል። አክስሉ፣ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ብረት፣ ወፍራም ነው? ባሌስትራው ተደራራቢ ነው ወይስ አንዲት ምላስ? ሆዱ ከመሬት ይርቃል? ጎማው ቢፈነዳ ጉትን ላይ ምትኩ ይገኛል? መጎተቻው ላይ ያለው ቀለም ለውበት ነው ወይስ ስንጥቅ ሊደብቅ? ይኼን ያሟላ እንደሆነ ግድግዳው ቆርቆሮ ቢሆንም ይበቃናል፣ መጋረጃና ፍሪጅ ይቅርብን አልኩህ። እዚያው በከኒሳ ቀሴ የትራክተር ተሳቢ የሚበይደውን ቀጀላን ይዤው ነበር። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የነደፈልኝ ብረት በብረት የሆነ ጉድ ነው። ይኼ ታንክ ነው እንጂ ቤት ነው እንዴ፣ ጭቃ ውስጥ ቢገባ ማን ያወጣዋል ብዬ ስጮህበት አኮረፈኝ። ግድግዳውን በቆርቆሮ፣ ወለሉን በጣውላ አድርገን ገና ከመስማማታችን አንተ ደወልክና ገዛሁት አልከኝ።

ገዛሁት! ለማን አስፈቅደህ? አንተ የምትጠብቀው ግቢ ውስጥ ካራቫን ተደርድሮ ስታይ ስለዋልክ፣ አሸዋው ላይ ቆሞ ሲያብረቀርቅ ስላማረህ፣ እኛም ያው ይሆንልናል ብለህ አሰብክ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደላላ፣ የሆነ ፕሮጀክት ሲዘጋ የተሸጠ ነው ብሎ ፎቶ ላከልህ። ፎቶዎቹን እኔም አየኋቸው። የእጅ መታጠቢያው አለ፣ ተጣጣፊ አልጋው አለ፣ ሰማያዊ መጋረጃው አለ። የሥሩ ፎቶ ግን አንዲት እንኳ የለችም። ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፤ አንተ ኮርቻውን አይተህ ገዛህ። የስንት ዓመት ላብህን!

ሲመጣ የሠፈሩ ሰው ሠርግ ያለ ይመስል ወጣ። አባ በደስታ ሦስት ጊዜ ዞረው። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ከሥሩ ገባሁ። አክስሉ የክንዴን ያህል አይሆንም። ጎማው የባጃጅ ጎማ ያህላል። ወለሉ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ስትረግጠው ያቃስታል። እማ አንዴ በበሩ አጮልቃ አየችና፣ እኔ ሰው ነኝ እንጂ ጆንያ አይደለሁም፣ ተጎትቼ አልኖርም ብላ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙንም ጠርታው አታውቅም።

ይኼም ሁሉ ሆኖ ቀጀላ አክስሉን ሊለውጥልኝ፣ ከሥሩም ብረት ሊያጠናክርልኝ ተስማምተን ነበር። ገበያ ሄጄ እስክመለስ ብቻ ቆዩኝ አልኩ። ስመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው? አባና የአከራያችን አባት ጋሮማ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭድ ያለው ጭቃ ይረግጣሉ። ተጣጣፊው አልጋ ተነቅሎ ደጅ ተጥሏል። ካራቫኑ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ መደብ! በእበት ተለቅልቆ፣ አምሮ፣ ገና እርጥብ ነው። ሃሩን፣ ጎማ ባለው ቤት ውስጥ መደብ! አባ ምን ሆነሃል ብዬ ስጮህ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ እንግዳ ቢመጣ የት ይቀመጣል፣ መደብ የሌለው ቤት የሽፍታ ቤት ነው አለኝ። ጋሮማም በኦሮምኛ፣ እውነቱን ነው፣ ጥሩ አባወራ መቀመጫ ያስቀድማል ብሎ ደገፈው። የመከርኳቸውን ምክር ለግድግዳ ብነግረው ይሻል ነበር።

አንተን ደግሞ ልብ በልልኝ። ያን ዕለት ደውዬ ንገረው፣ ያንተን ይሰማል፣ ያፍርሰው ብዬ ለመንኩህ። አንተ ግን ሳቅህን ለቀቅከው። ከዚያ ለአባ ደውለህ፣ ጎበዝ፣ ቤት ያለ መደብ አያምርም አልከው! እሱን ቃልህን ይዞ ሠፈሩን አዳረሰው። ሃሩን እንኳ ወዶታል፣ አንቺ ማነሽ አለኝ። ቀጀላም ካራቫኑ ይኼን ክብደት ተሸክሞ ሳለ አክስል አልለውጥም፣ መጀመሪያ ጭቃውን አውጡ አለ። አባ አላወጣም አለ። ዝናቡ ተቃረበ። አባ እንደሆነ ዘር ሳይዘራ ክረምት ከሚገባ ቢሞት ይመርጣል።

በሚያዝያ መጨረሻ ታፋ ወደ ኪራሙ ሊጎትትልን ካራቫኑን ከአይሱዙው ኋላ አሠረ። መደቡን ገና ሲያየው፣ አባ ሃሩን፣ የምጎትተው ቤቱን ነው ወይስ ተራራውን ብሎ ቀለደ፤ አባ አልሳቀለትም። ጋቢና ግባ ብንለው እምቢ አለ። ቤቱ ሲሄድ ባለቤቱ ውጭ የሆነበት አገር የት አለ ብሎ መደቡ ላይ ጉብ አለ። ለምነነው፣ ተቆጥተነው፣ አልሆነም። እኔ ጋቢና ተቀምጬ እስከ ኡኬ ድረስ አንገቴን ወደ ኋላ ቆልምሜ ሄድኩ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ?

ኡኬን አልፈን ወደ አንገር ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ አስፋልቱ ከተበላበት ጉድጓድ ላይ የቀኙ ጎማ ገባ። የደረቀ ግንድ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ካራቫኑ በአንድ ጎኑ ተንበረከከ፣ ወለሉ ተቀደደ፣ የመደቡ ድንጋይ እየተንከባለለ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። አባ ውስጥ ነው። ይገባሃል? አባ ውስጥ ነው! እንዴት ከጋቢና እንደወረድኩ አላውቅም። ብጠራው ብጠራው አይመልስም። በሩ ተጣሞ አልከፈት አለ። ታፋ በብረት ፈልቅቆ ሲከፍተው አባታችን አቧራ ለብሶ፣ ግንባሩ ተፍቆ፣ ከመደቡ በተረፈችው ግማሽ ላይ ግድግዳውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። የመጀመሪያ ቃሉ፣ መደቡ ባይኖር ከወለሉ ጋር አብሬ እወርድ ነበር የሚል ነው። መደቡ ባይኖር ወለሉም አይሰበር ነበር ብዬ ጮህኩበት። ሰው በተሰበሰበበት፣ አባቴ ላይ ጮህኩ። ይኼን ያስደረግከኝ አንተ ነህ፣ አልረሳልህም።

የተሰበርንበት ቦታ የኦቦ ነገራ ማሳ ጥግ ነው። ኦቦ ነገራ ከአባ በዕድሜ ጥቂት የሚያንስ ገበሬ ነው፣ ጩኸቱን ሰምቶ ከነበሬዎቹ መጣ። ሰላምታ ሰጠን፣ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደተጋደመው ካራቫን ገባና ከአባ ጎን ግማሹ መደብ ላይ ተቀመጠ። አባ ያን ጊዜ ወደ እኔ ያየኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። አልነገርኩሽም ነው የሚለው። እኔ መንገድ ላይ ድንጋይ ስለቅም ሁለቱ በኦሮምኛ ስለ በቆሎ ያወራሉ፤ ስለ በቆሎ! የኦቦ ነገራ ልጆች አንዱ ጊምቢ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሄደውበት ማሳው ግማሹ ጦሙን ሊያድር ነው። አክስሉ እስኪሠራ እዚሁ ሁኑ፣ ረኮ ህንቀቡ፣ ችግር የለም አለን። በሬዎቹን ጠምዶ ካራቫኑን ከመንገዱ አስወጥቶ ማሳው ዳር አሳረፈልን። በማግስቱ እኔና ታፋ ስንመለስ አባ አልንቀሳቀስም ብሎ እዚያው ቀረ።

ይኼን ሁሉ ነግሬህ አንተ ምን አልከኝ? ሌላ ካራቫን አይቻለሁ፣ ይኼኛው ጎማው ተለቅ ይላል አልክ! እኔ ልሙት፣ ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉሃል፣ አንተ እኮ ከለቀምክ በኋላ እንደገና ልታፈስ ነው። እባክህ ተወኝ ብዬህ ቀጀላን ታረቅኩት። ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ወፍራም አክስል ከነባሌስትራው አስፈለግኩ፣ ከሰልባጁ ያገኘሁትን ሁሉ ጨመርኩበት። እንዲህ ያለ አክስል ዓይንህ አይቶ አያውቅም። ጉድጓድ ቀርቶ ወንዝ ያሻግራል። የእኔ ሐሳብ አንድ ነው፤ አባ የትም ይረስ፣ የትም ይዝራ፣ ነገር ሲመጣ ግን ታፋ በአንድ ስልክ ደርሶ ጎትቶ ያወጣዋል። ለዚህ ነው በየጋራዡ በጀርባዬ የተኛሁት። ለሌላ ለምንም አይደለም።

በዚህ በሰኔ አክስሉን በአይሱዙ ጭነን፣ ቀጀላን ይዘን ሄድን። በቆሎው ጉልበት ደርሷል። አምሯል፣ አረንጓዴው ዓይን ይወጋል፤ አልዋሽም፣ መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ካራቫኑን አየሁት። ጎማ የለውም። አባ ሁለቱንም ጎማ አውልቆ፣ በአራት ማዕዘን ድንጋይ ክቦ፣ ቤቱን ድንጋዩ ላይ አሳርፎታል። የተቀደደውን ወለል አንስቶ አፈር ደልድሎበታል። ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሯል። በበሩ በኩል የሣር ዳስ አውጥቶለታል። ጎማዎቹስ አልኩ። ኦቦ ነገራ የአህያ ጋሪውን አሳየኝ፤ ልክ ሆነውለታል። ቀጀላ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መኪናው ዞረ።

አባ፣ ነገር ቢመጣ በምን ትወጣለህ አልኩት። መኮትኮቱን ሳያቆም ነው የመለሰልኝ። ልጄ፣ ከወሎ ስወጣ አንቺን አዝዬ ወጣሁ፣ ከኪራሙ ስወጣ አንቺ እኔን ደግፈሽ አወጣሽኝ፣ ሦስተኛውን አልወጣም፣ መውጣት ሰልችቶኛል አለኝ። አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። አክስሉ ከአይሱዙው ሳይወርድ ይዘነው ተመለስን።

እማ እንኳ ከእኔ ጋር ትቆማለች ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ ጉዱን ሁሉ ዘረገፍኩላት፣ አለቀስኩም። ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ጎማው ወልቋል ወይ አለች። አዎ አልኳት። ተነስታ አጎበሯን ከአልጋዋ ላይ ፈትታ ማጠፍ ጀመረች። እማ ምን እያደረግሽ ነው ስላት፣ ቆላ አይደል፣ የወባ ትንኝ አለ አለችኝ። በነጋታው ድስቷንና ዶሮዎቿን ይዛ ከታፋ ጋር ሄደች። እኔን የጠየቀኝ ማንም የለም። አባ ሳይጠይቀኝ አወለቀ፣ እማ ሳትጠይቀኝ ሄደች፣ አንተ ሳትጠይቀኝ ገዛህ። እናንተ ቤት እኔ ምንድን ነኝ? የመኪና ረዳት?

አሁን ክፍሉ ውስጥ እኔና ልጆቼ ብቻ ቀርተናል። ከጉትን በኩል የመጣ መኪና ሁሉ ሾፌሩን አስቁሜ መንገዱ እንዴት ነው እላለሁ። ሰላም ነው ይሉኛል፤ እስከሚቀጥለው መኪና ድረስ ይበቃኛል። እውነቱን ልንገርህ ሃሩን፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው ያደረግኩብህ። አባን መቆጣት አቃተኝ፣ እማንም አቃተኝ፣ አንተን አገኘሁ። ፈርቻለሁ። ቢሆንም ይኼ አንተን ከጥፋትህ አያወጣህም፣ ሳትጠይቀኝ ገዝተሃል፣ መደቡንም አጽድቀሃል። ያንን ትልቅ ጎማ ያለውን ካራቫን ተወው፣ ለደላላው አይሆንም በለው። አክስሉንም ቀጀላ ለሌላ ሰው ይሽጠው። ቆርቆሮና ምስማር ግን ያስፈልጋል፣ የሣሩ ዳስ ክረምቱን አይዘልቅም።

አብረውህ ለሚያድሩት ልጆች በሙሉ፣ በተለይ ታመህ ሳለህ ሾርባ ለሠራልህ ለዚያ የጅማ ልጅ ሰላም በልልኝ። ልጆቼ አጎታቸውን እጅ ነስተዋል፣ ትንሿ ጥርሷ መውለቁን ንገሪው ብላኛለች። ጋሮማ አካም ብሎሃል፤ እሱም ሰሞኑን አባን ሊጠይቅ ይሄዳል። ታፋ ሰላም ብሎሃል። ኦቦ ነገራ አይቶህ ባያውቅም ጀባዱ፣ በርታ በሉት ብሏል። እማ በቆሎው እሸት ሲሆን ባንተ ስም እጠብሳለሁ ብላሃለች። አባ ሰላም ብሎሃል። እሱ በደወልኩለት ቁጥር ቤቴን እንዴት አየሽው ይለኛል፣ እኔም ወሬ እቀይርበታለሁ። ጥሩ ነው ካልኩት እዚያው ኑር ማለቴ ይሆናል፣ አፌ እሺ አይለኝም። አንተ ደውልለትና ጥሩ ቤት ነው በለው። ኢማንም ጥሩ ነው ብላለች በለው።

እህትህ ኢማን
ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.